ክሎሪን ሲያፈተልክ ወደ ታች አትሩጡ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ሽንት ቤት ሳጸዳ በረኪና ደፋሁ። ቆሻሻው አልለቅ ሲለኝ አሲድ ያለበትን ማጽጃ ጨመርኩበት። ትንሽ ሽሽ አለ፣ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ጉሮሮዬን በርበሬ እንደታጠነ ሰው አነቀኝ። እያሳልኩ ወጣሁ። ጎረቤቴ "ወተት ጠጪ!" እያሉ ብርጭቆ ይዘው ደረሱ። ደስ ይበላቸው ብዬ ጠጣሁት፤ ሳንባ ውስጥ ለገባ ጋዝ ግን ወተት ምንም አይፈይድም።

ያ የወጣው ክሎሪን ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ አቃባ ወደብ ላይ በ2022 ክሬን ያነሳው የክሎሪን ታንከር ወድቆ ሲፈነዳ የታየው ቢጫ ደመናም ይኸው ነው። ቢያንስ 13 ሰው ሞተ፣ ከ250 በላይ ተጎዳ። በ2005 ደግሞ አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ግራኒትቪል ላይ ባቡሮች ተጋጭተው ክሎሪን ሲፈስ 9 ሰው ሞተ፣ 5,400 ገደማ ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ።

እሳት ሲነሳ "ጎንበስ በሉ" ተብለን ነው ያደግነው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ልክ ነው። ክሎሪን ግን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ምድር ቤትና ቦይ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ልጆችን አቅፋችሁ ውጡ፤ አፍንጫቸው ለመሬት ቅርብ ነው።

የነፋሱን አቅጣጫ ደግሞ የተሰጣ ልብስ ወይም የዛፍ ቅጠል አይታችሁ ለዩ። ጋዙ ከነፋሱ ጋር ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ከፊቱ አትሩጡ፣ ይደርስባችኋል፤ ወደ ጎን ቁረጡና ውጡ። የኮሮና ጊዜ ማስክ ጋዝ አያቆምም።

ቤት ውስጥ ከሆናችሁና ደመናው ደጅ ከደረሰ አትውጡ። በርና መስኮት ዝጉ፣ ቬንትሌተርና ኤሲ አጥፉ፣ የበሩን ስር በእርጥብ ፎጣ ድፈኑ፣ ፎቅ ካለ ላይኛው ክፍል ሁኑ። የወደቀ ሰው አይታችሁ ባዶ እጃችሁን ወደ ጋዙ አትመለሱ። ጨካኝነት ይመስላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሁለተኛው ሬሳ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሊያድን የገባው ሰው ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እሳት አደጋ 939፣ አምቡላንስ 907 ደውሉ።

ከወጣችሁ በኋላ ቀጥሎ የልብስ ጉዳይ ነው። ጋዙ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ነውር የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ነጠላ ይደርብላችሁ። ቲሸርት በጭንቅላት በኩል አይወጣም፣ ፊትና ዓይን ያስነካል፤ በመቀስ ቅደዱት። ፌስታል ውስጥ ከታችሁ እሰሩ፣ በሌላ ፌስታል ድገሙት። ሰውነት በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ካቃጠለ ኮንታክት ሌንስ አውጥታችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቡ።

አሁን ሰው የሚሸወድበት ቦታ ላይ ደረስን። ሳሉ በረድ ሲል "ተሽሎኛል" ብሎ ወደ ቤት መሄድ። ብዙ ጋዝ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ማታ ደህና የነበረው ሌሊት አየር ያጥረዋል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ከጠበበ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ አረፋ ያለው አክታ ከመጣ ሆስፒታል ነው፣ ነገ አይባልም። አስም ያለበት ሰው ምልክቱን እንኳ አይጠብቅ። ለክሎሪን ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ የሚሰጠው ኦክስጅንና የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ነው፣ ያም ቶሎ ሲደርሱ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሳሉ ለወራት ይቆያል።

ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው "ምን ነበር?" ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰፈር ችግር፦ በረኪናው በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ይሸጣል፣ ስም የለው፣ ምልክት የለው። ቤት ስታስገቡት በማርከር "በረኪና" ብላችሁ ጻፉበት። አሲድ ያለበትን ማጽጃም ከእሱ አርቁ፤ የእኔዎቹ እዚያው ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት።