የአማተር ኳስ ቡድናችሁን ተጫዋቾች እያሳቃችሁ እንዴት ታስተዋውቃላችሁ?

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ቡድኑ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ዋንጫ ኖረም አልኖረም፣ ዓመቱን ሙሉ አብረው የሮጡ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው የሚያወራው አያጣም። በዚያ ምሽት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ተነስቶ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ቢያስተዋውቅ፣ የተሸነፋችሁበት ጨዋታ እንኳ ይናፍቃችኋል። እኔ ለምጫወትበት ቡድን ይህን ጽሑፍ ለዓመታት ጽፌያለሁ። ማንም ሳይከፍላቸው በዕረፍት ቀናቸው ታኬታ የሚያስሩ ሰዎች፣ አንድ ሰው በደንብ እንዳያቸው ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሰው የሚስቀው የራሱን ነገር በትክክል ሲሰማ ነው። ተጫዋቹ ከሁሉም ቀድሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ከሳቀ ጽሑፉ ተሳክቷል። ጎረቤቱ ስቆ እሱ ፈገግ ብቻ ካለ ግን የሆነ ቦታ ስታችኋል። እዚያ ለመድረስ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው።

1. ማስታወሻ መያዝ ከመጀመሪያው ጨዋታ ይጀምራል

በዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ ለማስታወስ ከሞከራችሁ ትዝ የሚላችሁ ጎሉና ጠቡ ብቻ ነው። ሁለቱም ለዚህ ሥራ ብዙ አይረዱም። ትንሽ ደብተር ያዙና በየጨዋታው ሁለት ሰው ብቻ ምረጡ። 18 ተጫዋች ያለው ቡድን በ9 ጨዋታ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ያመለጣችሁን ለመሙላት ጊዜ አላችሁ።

የምትመለከቱት ኳሷን አይደለም፤ ሰውየውን ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ምን ያደርጋል? ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያ ቃሉ ምንድን ነው? ጎል ሲገባብን ወደ ማን ያያል? ሲቀየር ማሊያውን እንዴት ያወልቃል? የሚቆጠር ነገር ካለ ደግሞ ቁጠሩ።

የእኛን በረኛ ልንገራችሁ። ማዕዘን ምት በተመታ ቁጥር «የኔ!» ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። ተከላካዮቹ በሙሉ ይቆሙለታል። እሱም መስመሩ ላይ ይቆማል። ኳሷ በሁሉም መሀል ታልፋለች። በአንድ ጨዋታ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «የኔ ያለው 4 ጊዜ፣ የወጣው 1 ጊዜ።» ይህን ስታነቡ ምንም መጨመር አያስፈልጋችሁም፤ ቁጥሩ ራሱ ያስቃል። ግን እዚያው ገጽ ላይ ሌላም ነገር ጽፌ ነበር። ይህ ሰው የሚጠብቀው በር 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው። ወደ 18 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ብቻውን ይዞ የሚቆም ሰው፣ ለራሱ ድፍረት ለመስጠት ቢጮኽ አይፈረድበትም። ይህች ሁለተኛዋ ማስታወሻ ናት ጽሑፉን ፌዝ ከመሆን ያዳነችው።

2. የጨዋታውን ሕግ አንብቡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። የእግር ኳስ ሕጎች 17 ናቸው፤ የሚያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተውና አይፋብ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ቦርድ ነው። ተጫዋቾቻችሁ ከእነዚህ ሕጎች ጋር ያላቸውን ግንኙነት ስታዩ ግማሹ ጽሑፍ ራሱ ይጻፋል።

በየቡድኑ እጁን የሚያነሳ ተከላካይ አለ። «ኦፍሳይድ!» ይላል፤ እጁ ሰማይ ላይ ነው፤ እግሩ ቆሟል። ሕግ 11ን ያነበበ ጸሐፊ ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከግብ ምት በቀጥታ ለደረሰ ኳስ ኦፍሳይድ እንደሌለ ያውቃል። በራሱ ሜዳ ግማሽ ላይ የቆመ ተጫዋችም ኦፍሳይድ አይሆንም። ስለዚህ «ሁልጊዜ ኦፍሳይድ ይላል» ብላችሁ ከመጻፍ ይልቅ «ዘንድሮ በእጅ ውርወራ ሦስት ጊዜ እጁን አንስቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዳኛው በትሕትና አስረድቶታል» ብላችሁ ጻፉ።

ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ተከላካዮች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ሲጨንቃቸው ኳሷን ወደ በረኛው ይመልሷታል። እ.ኤ.አ. እስከ 1992 ድረስ በረኛው በእጁ ሊይዛት ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የራሱ ተጫዋች ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በእጁ ከነካ ለተጋጣሚ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል። የእኛ ሽማግሌ ተከላካይ ኳስ የለመዱት ከዚያ በፊት ነው፤ እግራቸው እስከ ዛሬ አልሰማም። እሳቸውን ሳስተዋውቅ የጻፍኩት ስለ ሕጉ መለወጥና ስለ እሳቸው ታማኝነት ነበር። በጣም ሳቁ፤ ቀጥለውም ያኔ ኳስ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር ለልጆቹ ማውራት ጀመሩ፤ የሚቀጥለው ሰው ወረቀት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ተነበበ።

ሕጉ ሲለወጥም ተከታተሉ። በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ የሚቆይበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ 8 ሰከንድ ነው፤ ካለፈ ለተጋጣሚ ማዕዘን ምት ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቶቹ ይቆጥራል። ኳሷን አቅፎ ለተከላካዮቹ ምክር የሚሰጥ በረኛ ካላችሁ፣ የዘንድሮው ጽሑፋችሁ ተገኘ ማለት ነው።

3. ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ ስጡት

አንድ ሰው አርፋጅም፣ ጯሂም፣ ኳስ የማይለቅም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ከጻፋችሁ ክስ ይመስላል። አንዱን መርጣችሁ እሱን በቅርበት አሳዩ።

አርፋጁን እንዲህ ጻፍኩት፦ «ስድስት ሆነን ቆመናል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። በስተበሩ በኩል አንድ ሰው፣ አንድ እግሩ ታኬታ፣ ሌላው ነጠላ ጫማ፣ ካልሲውን በጥርሱ ነክሶ እየሮጠ ይመጣል። እሱ አርፍዶ አያውቅም፤ ጨዋታው የሚጀምረው እሱ ሲመጣ ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሕጉ የተወሰደች ናት፤ አንድ ቡድን ከሰባት ተጫዋች በታች ከሆነ ጨዋታው አይጀመርም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ «ሰባተኛው» ሆኖ ቀረ። እሱም ስሙን ወዶታል።

ቅጣት ምት መቺውን ያየሁት ደግሞ በልምምድ ላይ፣ ኳሷን ለመከለል ተጫዋቾች ተደርድረው ከሚሠሩት ግድግዳ ውስጥ ቆሜ ነው። ኳሷን ያስቀምጣል፤ ያነሳል፤ መንፊያዋ ወደ እሱ እንዲዞር አድርጎ መልሶ ያስቀምጣል። የግድግዳውን 9.15 ሜትር በዓይኑ ይለካል። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ግራ። በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያ ኳሷን ከአጥር ውጪ እንፈልጋለን። የምትፈልጋት ሁልጊዜ ያች አንዲት ተቀያሪ ናት፤ ማንም ሳያዛት። እሷንም ጻፉ። ሁሉም ሰው መቺውን ሲያይ እሷን የሚያይ የለምና፣ ስሟ ሲጠራ የሚሰማው ጭብጨባ ከሁሉም ይበልጣል።

አብዶ የሚወድ፣ ኳስ የማያቀብል አማካይ የሌለበት ቡድን ያለ አይመስለኝም። ለእሱ ቋንቋችን ራሱ ያግዛችኋል፦ «ከእሱ ጋር መጫወት አቀበት ነው፤ አቀበለ ተብሎ ግን አያውቅም።» እንዲህ ያለችው የቃል ጨዋታ ጮክ ብላ ስትነበብ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ ስትጽፏት አፋችሁን አሟሹባት።

4. የማይነካውን ለዩ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአንድ ዓመት ስለ አንድ ተጫዋች ሆድ ጻፍኩ። በዚያ ምሽት እንደዚያ ያለ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ልምምድ ላይ አልመጣም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ኳስ መጫወት የጀመረው ክብደት ለመቀነስ እንደሆነና ይህን ለማንም እንዳልተናገረ ነገረኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መለያ ይህ ነው፦ ሰውየው በሚያደርገው ሳቁ፣ በሆነው ነገር አትሳቁ። እጅ ማንሳት፣ «የኔ!» ማለት፣ መንፊያ ማዞር የሚደረጉ ነገሮች ናቸው። ቁመት፣ ክብደት፣ አነጋገር፣ ኑሮ፣ ትዳር፣ የቆየ ጉዳት ከወረቀቱ ይውጡ። ቡድኑን ያስሸነፈው የራስ ላይ ጎልም፣ ባለቤቱ ራሱ አንስቶ ካልቀለደበት በቀር፣ ይለፍ።

ሰምና ወርቅ ስትጠቀሙ ደግሞ ወርቁን ሁለት ጊዜ ፈትሹ። «አጥቂያችን ዘንድሮ ግብ የለውም» የምትል ዓረፍተ ነገር ስትጻፍ ታስቃለች። «ግብ» ግን የመረቡም የሕይወትም ነው። ሰውየው ሥራ ፈልጎ ያጣበት ዓመት ከሆነ፣ እናንተ ስለ መረቡ ስታወሩ እሱ ሌላውን ይሰማል። እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳላነባት ሰርዣታለሁ።

5. ጻፉ፣ ከዚያ ቅጽሎቹን አውጡ

«ሰነፍ»፣ «ቀርፋፋ»፣ «ግልፍተኛ» የሚሉት ቃላት ፍርድ ናቸው፤ አያስቁም። በቦታቸው ያያችሁትን አስገቡ። «ሰነፍ ነው» የነበረው «በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ሲሮጥ አይቼዋለሁ፤ አንደኛው ውሃ ሲመጣ ነው» ይሁን። «ግልፍተኛ ነው» የነበረው «ቢጫ ካርድ ሲያይ ከኪሱ የወጣበት ያህል ይደነግጣል» ይሁን። ትርጉሙ ያው ነው፣ ሰውየው ግን አሁን ሜዳ ላይ ቆሞ ይታያል።

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሰውየው ለቡድኑ የሚሰጠውን አንድ እውነተኛ ነገር ጻፉ። ሽንገላ አትጻፉ፣ ወዲያው ይታወቃል። ማሊያዎቹን ሰብስቦ ወስዶ አጥቦ የሚመልሰውን ሰው ስጽፍ ቀልዱ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ የቀረው 18 ማሊያ ማጠብ፣ ማድረቅና በቁጥር ተራ አጥፎ ማምጣት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ነው። ያን ሰው በዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ በስም ያመሰገነው አልነበረም።

6. ርዝመቱን ለኩ፣ ለሁለት ሰው አስቀድማችሁ አንብቡ

የጨዋታ ዕረፍት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ንባባችሁም ከዚያ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 18 ሰው በ15 ደቂቃ ለእያንዳንዱ 50 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ ወደ 70 ቃል ማለት ነው። ከዚህ የረዘመውን ቁረጡት።

ከምሽቱ በፊት ለአምበሉና በቀላሉ ለማይስቅ አንድ ሰው አንብቡላቸው። አምበሉ ማን በምን እንደሚከፋ ያውቃል። ሁለተኛው ደግሞ የትኛው መስመር እንዳልሠራ በፊቱ ይነግራችኋል።

7. አነባበብ

ከአምበሉ ጀምሩ፤ እሱ ሲስቅ ሌላው ይፈታል። አዲስ የገቡትን ወደ መሀል አድርጉ። ያልመጣ ሰው ላይ አታንብቡ፤ ወረቀቱን አስቀምጡለት። ሳቁ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ ብዙ ጊዜ ምርጡ ቀልድ የሚመጣው በዚያ መሀል ከሌላ ተጫዋች አፍ ነው። ስታነቡ ሰውየውን እዩት፤ ፊቱ ከጠቆረ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ዝለሉና ወደ መጨረሻዋ ሂዱ።

እያንዳንዱን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለባለቤቱ ስጡት። እኛ ዘንድ የበረኛው ተራ መጨረሻ ነበር። ያቺን «4 ጊዜ፣ 1 ጊዜ» የምትለዋን መስመር አንብቤ፣ የበሩን ስፋት ተናግሬ ጨረስኩና ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ይህ የማን ነው?» አልኩ። ከጥግ ተነስቶ «የኔ!» ብሎ ጮኸ፤ ወንበሮቹን እየገፋ፣ በሰው መሀል አልፎ፣ ወጥቶ ወሰደው።