የተለገሰ ደምን ለጉበት ቫይረስ መመርመር፦ ለጅማ ጀማሪ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው፤ መርፌ ከመነካቱ በፊት ይደረጋል። ለጋሹን «ሄፓታይተስ ይዞህ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው «የወፍ በሽታ» በሚለው ስሙ ስለሆነ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ለእርሱ በሚቀለው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ጓደኞቹ በማይሰሙበት ቦታ ጠይቁት። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ የጤና ተማሪዎችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መቼ እንደወሰዱ መጠየቅም አትርሱ፤ ክትባቱ በተወሰደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጤነኛውን ሰው ቫይረሱ ያለበት ሊያስመስለው ይችላል።

ናሙናው ሲወሰድ የከረጢቱና የቱቦዎቹ መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን ለጋሹ ከአልጋው ሳይነሳ አረጋግጡ። ደሙ ውጤቱ እስኪፈረምበት ድረስ ከተፈቀደው ደም ተለይቶ ይቀመጥ።

በኤላይዛ፣ ማለትም ናሙናው በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ በቀለም ለውጥ በሚመረመርበት ዘዴ፣ ለሄፓታይተስ ቢ የምንፈልገው የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን አንቲጅን (የቫይረሱን የራሱን ፕሮቲን) ሲሆን፣ ለሄፓታይተስ ሲ ግን በአብዛኛው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። የመመርመሪያ ኪቱን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው እጥበቱ ነው፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ የሌለውን ቫይረስ ያለ ያስመስላልና። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መቆጣጠሪያዎቹ ከተቀመጠላቸው ወሰን ከወጡ ውጤቱን አትመኑ፤ ሥራውን እንደገና ጀምሩ። መለያ ነጥቡን (ምላሽ የሰጠውን ካልሰጠው የሚለየውን የንባብ ልክ) ያለፈ ናሙና በጥንድ ይደገማል፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ምላሽ ከሰጠ ከዚያ ልገሳ የተዘጋጀው ቀይ የደም ሴል፣ ፕላዝማና ፕሌትሌት ሁሉ ይወገዳል።

ኔጌቲቭ ውጤት ግን ፍጹም ዋስትና አይደለም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ የሄፓታይተስ ቢ አንቲጅን እስኪታይ አንድ ወር ገደማ፣ የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል እስኪታይ ደግሞ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል። የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልገው ምርመራ ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ መነሻው ጥያቄ ዋጋው ከፍ ያለውም ስለዚህ ነው።

ምላሽ የታየበትን ለጋሽ ለብቻው ጠርታችሁ፣ ውጤቱ ገና ማረጋገጫ እንደሚፈልግ አስረዱትና ወደ ሐኪም ላኩት። ቫይረሱ ሄፓታይተስ ቢ ሆኖ ከተረጋገጠ የትዳር ጓደኛውና ቤተሰቡ ተመርምረው ነፃ የሆኑት እንዲከተቡ ንገሩት፤ በአንድ ማዕድ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍም ጨምሩለት።