ዘጌ ደን ውስጥ አንድ ቀን እንዴት በጥንቃቄ መዋል ይቻላል?

ባሕር ዳር ለሚመጡ እንግዶች ሁልጊዜ የምላቸው «ዘጌን ሳታዩ እንዳትሄዱ» ነው። ዘጌ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባ ደናማ ልሳነ ምድር ነው፤ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ደኑ ባለቤት አለው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቁጥቋጦ የሚመስለው ቡና ነው፤ የዘጌ ሰው የሚተዳደረውም በእሱ ነው። እዚያ ባሉት ገዳማት ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። ደኑን ያቆየልን ይህ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የጣና ባዮስፌርም (ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተጠብቆ የሚኖርበት ክልል) ዘጌን ይጨምራል። ስለዚህ ሰው ግቢ እንደገቡ ሆነው ይግቡ።

ስንቅዎን ከማታው ያዘጋጁ። ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ውሃውን በኮዳ ቢይዙ ይመረጣል፤ ሃይላንድ ከያዙ ግን ባዶውን ይዘው ይመለሱ። አንድ ፌስታል ለቆሻሻ ይያዙ። ጫማዎ የማያንሸራትት፣ ልብስዎ ረዘም ያለ ይሁን፤ ነጠላም አይርሱ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ ይጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ጀልባውም ይናጣል። ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይጨርሱ፤ ባለጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅዎት ጭምር። ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ አይነሱ። መንገድ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካዩ ባለጀልባው ፍጥነት እንዲቀንስ ይንገሩት። የሞተር ማዕበል ለታንኳ አደጋ ነው። ጉማሬ ሲያዩም ለፎቶ ብለው «ጠጋ በል» አይበሉ።

ዘጌ ሲወርዱ የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ፤ ከመንገዱም አይውጡ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ለፎቶ ብዬ ሁለት እርምጃ ወጣ ስል አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እግርህን አንሳ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣት የማታክል ቀጭን ግንድ፣ ራሷ ላይ የቡናዋን ፍሬ እንደ ክብሪት ተሸክማ ቆማለች። ዙሪያዋን ሌሎችም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሁለት ክብ ቅጠል አውጥተዋል። ከወደቀ ፍሬ የበቀሉ የቡና ችግኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ መሬት መሬት እያየሁ ነው የምሄደው፤ እርስዎም እንዲያ ያድርጉ።

የቀላ ቡና ቢያምርዎትም አይልቀሙ። ለጦጣ ምግብ አይስጡ፤ አንዴ ከለመደች የሰው ቤት ትገባለች። እሳት አያንድዱ። ስፒከር እቤት ይቅር፤ የወፎቹ ድምፅ ይበቃል።

ዘጌ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ወንድም ሴትም ይገባል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ የሐይቁ ደሴት ገዳማት ግን ሴት አያስገቡም፤ ቀድመው ይጠይቁ። ጫማ አውልቀው ይግቡ። ሥዕሎቹን በእጅ አይንኩ፣ ፍላሽም አያብሩ።

ሲደክምዎት ሐይቁ ዳር እግርዎን መንከር ያሰኝዎታል። ይቅርብዎት። ዳርቻው ላይ ካሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣ የቢልሃርዚያ በሽታ ትል በቆዳ በኩል ይገባል።

ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት የዘጌ ቡና ከአምራቹ እጅ ይግዙ። ጥሬውን ይጠይቁ፤ እቤት ቆልተው ይጠጡት።