ሬዚስተሬን ያቃጠለው ምን እንደሆነ ያገኘሁበት ስሌት

12 ቮልት ላይ ያስገባሁት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ደቂቃ ሳይቆይ መሽተት ጀመረ። ከመቃጠሉ በፊት ለክቼው ነበር፦ በሁለቱ እግሮቹ መካከል 12 ቮልት፣ ፍሰቱን ለመለካት በተከታታይ በገባው መለኪያ ደግሞ 255። 255ቱ አምፔር መስሎኝ 12ን ለ255 ሳካፍል የሬዚስተሩ መጠን 0.047 ኦም መጣ። ይህ እኮ የሽቦ ቁራጭ ነው! የሆነ ቦታ ሾርት (ያለቦታው የተነካካ ሽቦ) አለ ብዬ ግማሽ ቀን ሽቦ ስፈታ ዋልኩ።

ዓይኔን የገለጠው የኃይሉ ስሌት ነው። 12 ሲባዛ በ255፣ 3060 ዋት! ጥፍር የምታህል ዕቃ የውኃ ማፍያ ያህል ኃይል ልትወስድ አትችልም። ለካ መለኪያው ያሳየው ሚሊአምፔር ነው፤ ለ1000 ሲካፈል 0.255 አምፔር።

አሁን ሁሉም ቦታውን ያዘ። 12 ÷ 0.255 ወደ 47 ኦም፣ 12 × 0.255 ደግሞ 3.06 ዋት። የሬዚስተሩን መጠን የሚያሳዩት ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር ቀለበቶቹም 47 ኦም ነው የሚሉት። ሾርት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግማሽ ዋት ብቻ የሚችለው ሬዚስተር ላይ ስድስት እጥፍ ጭኜበት ነው።

47 ኦም ሆኖ 10 ዋት በሚችል የሴራሚክ ሬዚስተር ቀየርኩት። ልክ 3 ዋት የሚችለውን አልመክርም፤ ቢያንስ እጥፉን መቻል አለበት። አሁንም ስለሚሞቅ ከቦርዱ ትንሽ ከፍ አድርጌ በየድኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ምንም ሽታ የለውም።