ቦራ ቦራ ለመሄድ ስታስቡ መጀመሪያ ላጉኑን ምረጡ፣ ቤቱ ይደርሳል

«ያ ውሃው ላይ የቆመው ጎጆ ስንት ነው?» ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ስላሉት ስለ ታሂቲና ስለ ቦራ ቦራ ደሴቶች የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሁሌ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ቤቱን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ላጉኑን፣ ማለት ደሴቱን የከበበውን ውሃ ምረጡ፣ ምክንያቱም ያን ያህል ርቀት የሚኬደው ለውሃው ነው፣ ውሃው ደግሞ ከደሴት ደሴት በጣም ይለያያል። ይሄን ሳናውቅ በመጀመሪያው ጉዟችን ለ9 ቀን 4 ደሴት ይዘን ሄድን፣ ግማሹን ጊዜ ሻንጣ ስናስርና ስንፈታ፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ ስንጠብቅ አለቀ፣ በስድስተኛው ቀን ባለቤቴ «እኔ መቼ ነው የማርፈው?» ስትለኝ በጣም ነው ያዘንኩት። በሁለተኛው ጊዜ 10 ቀን፣ 2 ደሴት ብቻ። ያኔ ነው እረፍት ምን እንደሆነ የገባን።

እሺ ላጉን ምንድነው? እነዚህ ደሴቶች በሙሉ እሳተ ገሞራ ነበሩ፣ ተራራው በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ባህር ይሰምጣል፣ ዙሪያውን የበቀለው ኮራል የሚባለው ድንጋይ የሚመስል የባህር እንስሳ ግን ብርሃን ስለሚፈልግ ወደ ላይ ማደጉን አያቆምም፣ ስለዚህ ተራራው እያነሰ ሲሄድ በሱና ሪፍ በሚባለው የኮራል አጥር መሃል የተኛው ውሃ እየሰፋ ይመጣል፣ ያ ነው ላጉን ማለት። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 ከታሂቲ ኮረብታ ላይ ሆኖ ጎረቤቷን ደሴት ሞሬያን ሲያያት በፍሬም ውስጥ ከገባ ስዕል ጋር ነው ያመሳሰላት፣ ሄዳችሁ ስታዩት በትክክል እንደዛ ነው።

ይሄ ነገር ለምርጫ በጣም ይጠቅማል። ሞሬያ ገና ወጣት ናት፣ ተራራዋ ረጅምና አረንጓዴ፣ ላጉኗ ጠበብ ያለ፣ የአናናስ እርሻ አላት፣ ቤልቬዴር ከሚባለው ቦታ ላይ ሆናችሁ ኦፑኖሁና ኩክ የሚባሉትን ሁለቱን ባህረ ሰላጤዎች በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ቦራ ቦራ በዕድሜ መሃል ላይ ናት፣ ኦቴማኑ ተራራ 727 ሜትር ሆኖ ቀርቷል፣ ላጉኑ ግን ሰፊ ነው፣ ፎቶ ላይ የምታዩት ሰማያዊ እሱ ነው። ራንጊሮአና ፋካራቫ ደግሞ ተራራው ጨርሶ ጠፍቶ ቀለበቱ ብቻ የቀረባቸው ናቸው፣ ከውሃና ከኮኮናት ዛፍ ሌላ ነገር የለም፣ ዳይቪንግ ለሚወድ ገነት ነው፣ ተራራ ላይ መውጣትም ለሚፈልግ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። እኔ የምወዳት ማውፒቲን ነው፣ ከቦራ ቦራ በስተምዕራብ ያለች ትንሽ ደሴት፣ ትልቅ ሆቴል የላትም፣ ውሃዋ የቦራ ቦራን ይመስላል፣ የሚሰማው ግን ዶሮና ሪፉ ላይ የሚሰበር ማዕበል ብቻ ነው።

ስለ ውሃ ላይ ቤቱም ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1967 ራያቴአ የምትባል ደሴት ላይ ነው፣ ሦስት አሜሪካኖች ሆቴል ነበራቸው፣ ጥሩ የባህር ዳርቻ ግን አልነበራቸውም፣ ስለዚህ እንግዳው በቀጥታ ከቤቱ ወደ ውሃ እንዲወርድ ብለው ውሃው ላይ ሠሩት። አያችሁ፣ ቤቱ የመጣው አሸዋ ለሌለበት ቦታ መፍትሄ ሆኖ ነው፣ ጥሩ አሸዋና ጥሩ ውሃ ደጃፋችሁ ላይ ካለ የግድ አያስፈልጋችሁም። ቦራ ቦራ ላይ በትልልቆቹ ሪዞርቶች ለአንድ ሌሊት 1000 ዶላር ማለፍ የተለመደ ነው፣ ብዙዎቹ ደግሞ በነሱ ቋንቋ «ሞቱ» በሚባሉት ሪፉ ላይ ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ስለሆኑ ለመውጣት ጀልባ ያስፈልጋል፣ ቁርሱም ምሳውም እራቱም በሆቴሉ ዋጋ ይሆናል። ሙሽሮች ከሆናችሁና ልባችሁ እዛ ካለ እሰየው፣ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ወይ ሁለት ሌሊት አድርጉት፣ ሌላውን ጊዜ ፓንሲዮን በሚባሉት የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያዎች እደሩ፣ ቁርስና እራት አብሮ ይሰጣል፣ ዋጋው አይወዳደርም። ቦራ ቦራ ላይ ማቲራ የሚባለው የሕዝብ የባህር ዳርቻ አካባቢ ያሉ ማረፊያዎችን ፈልጉ፣ ውሃው ያው የሀብታሞቹ ውሃ ነው።

ቪዛ ላይ አደራ። ፍሬንች ፖሊኔዢያ የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ አይደለችም፣ ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ በሸንገን ቪዛ ብቻ እገባለሁ ብላችሁ ቲኬት እንዳትቆርጡ፣ ለፖሊኔዢያ የሚያገለግል ተብሎ የተሰጠ ቪዛ ያስፈልጋል፣ የሚጠየቀውም በፈረንሳይ ቆንስላ በኩል ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁም የምትታዩት በያዛችሁት ፓስፖርት ነው፣ ቀደም ብላችሁ ቆንስላውን ጠይቁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ከአውሮፓ የምትነሱ ደግሞ ልብ በሉ፣ ብዙው በረራ በአሜሪካ በኩል ነው የሚያልፈው፣ አሜሪካ ደግሞ ለትራንዚትም ቢሆን የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

ጊዜው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያለው ነው የሚሻለው፣ ደረቅና ነፋሻ ነው፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ሙቀትና ዝናብ ይበዛል። ጁላይ ላይ ታሂቲ ላይ ባለችው ዋና ከተማ በፓፔኤቴ ውስጥ ሄይቫ የሚባለው የጭፈራ በዓላቸው አለ፣ በጣም ያምራል ግን ሰውም ዋጋም ይጨምራል። ዌል (ዓሣ ነባሪ) ማየት የምትፈልጉ ኦገስትና ሴፕቴምበር ሞሬያ ሂዱ፣ እዛ መጥተው የሚወልዱበትና ልጆቻቸውን የሚያጠቡበት ጊዜ ነው።

ከሎስ አንጀለስ 8 ሰዓት ከምናምን ነው በረራው፣ የሰዓት ልዩነቱም 2 ወይ 3 ሰዓት ስለሆነ ከአሜሪካ ምዕራብ ለሚነሳ ሰውነት አይረበሽም፣ ከአዲስ ግን 13 ሰዓት ልዩነት አለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም ፕሮግራም አትያዙባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው፣ ኤር ታሂቲ ኑዊ ከውጭ የሚያመጣችሁ ነው፣ ኤር ታሂቲ ደግሞ በደሴቶቹ መሃል የሚያመላልሰው፣ ሁለቱ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፣ ስለዚህ ቲኬቱ ለየብቻ ከሆነ በመሃል በቂ ጊዜ ተዉ፣ ቢቻል አንድ ሌሊት እደሩ። የሻንጣ ኪሎም የውስጡ ሊያንስ ስለሚችል ከቤት ሳትወጡ መዝኑ። ወደ ቦራ ቦራ ስትበሩ በግራ በኩል በመስኮት ተቀመጡ፣ ላጉኑን ከላይ የምታዩት በዛ በኩል ነው፣ እኔ ባለቤቴን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ እጄን ይዛ ዝም ብላ ስታይ የነበረውን እስካሁን አልረሳውም።

የኔ ፕላን ይሄ ነው። ፓፔኤቴ ጠዋት ከደረሳችሁ በቀጥታ ወደብ ሄዳችሁ ወደ ሞሬያ ፌሪ ያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ወይ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ እዛ 4 ሌሊት። ከዛ ወደ ማውፒቲ ወይ ቦራ ቦራ በርራችሁ 5 ሌሊት። በቃ። መመለሻው ላይ አንድ ቀን ለፓፔኤቴ ተዉ፣ የማውፒቲ በረራ ብዙ አይደለም፣ አየሩ ከተበላሸም ይዘገያል፣ ያ ቀን ከሌላችሁ ልባችሁ አያርፍም።

ምግቡ ላይ ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው ምንም አይቸገርም፣ ዋናው ምግባቸው ጥሬ ቱና በሎሚና በኮኮናት ወተት ነው። ማውፒቲ ያረፍንበት ቤት እናትየው ከሰዓት በኋላ እኛ በርጩማ የምንለውን የሚመስል ዝቅ ያለ እንጨት ላይ ትቀመጣለች፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት አለ፣ የተከፈለውን ኮኮናት እሱ ላይ እያሽከረከረች ትፈቀፍቀዋለች፣ ነጩ ፍርፋሪ ሳህኑ ላይ እንደ በረዶ ይከመራል፣ ከዛ በጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ስትጠመዝዘው ወተቱ በጣቶቿ መሃል ወርዶ ዓሣው ላይ፣ ቲማቲሙና ኪያሩ ላይ ይፈሳል። ከቆርቆሮ ከሚገኘው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ፍልሰታን የምትጾሙም አትፍሩ፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ከጥሩው ወቅት ጋር ይገጥማል፣ ታሮ የሚሉት የኛው ጎደሬ ነው፣ ኡሩ የሚባል ተጠብሶ እንደ ዳቦ የሚበላ የዛፍ ፍሬ አለ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አናናስ ሞልቷል፣ ብቻ ለማረፊያው ቀድማችሁ እንቁላልም ቅቤም እንደማትበሉ ንገሯቸው፣ ደሴት ላይ ሁሉም ነገር በመርከብ ስለሚመጣ በሰዓቱ ሱቅ ሮጠው አያመጡም።

ዋና አልችልም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ላጉኑ መሃሉ ጥልቅ ቢሆንም ዳር ዳሩ ብዙ ቦታ ከወገብ አያልፍም፣ ላይፍ ጃኬት አድርጋችሁ ስኖርክል በሚባለው መተንፈሻ ቱቦ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ብትነክሩ ብቻ ዓሣው ይታያል። የምትጠነቀቁት ፓስ ከሚባለው፣ ሪፉ ላይ ካለው ክፍተት ነው፣ ማዕበሉ በሪፉ ላይ እየዘለለ የሚያስገባው ውሃ በሙሉ የሚወጣው በዛ ጠባብ በር ስለሆነ ወደ ውጭ በኃይል ይጎትታል፣ ጥሩ ዋናተኛም ያለ አካባቢው ሰው አይጠጋው። የውሃ ጫማ ግዙ፣ ኮራል ይቆርጣል፣ ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣም አለ። ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ከክሬም ይበልጣል፣ ለኮራሉም ጥሩ ነው፣ ኮራሉን ደግሞ አትርገጡ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አጥሩም እሱ ነው። የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፣ ዴንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ አለ።

ብሩ ፓሲፊክ ፍራንክ ነው፣ ከዩሮ ጋር የተሳሰረ፣ 1 ዩሮ 119 ፍራንክ ከምናምን፣ ወደ ትንንሾቹ ደሴቶች ከመሄዳችሁ በፊት ፓፔኤቴ ላይ ካሽ አውጡ። ሶኬቱ የአውሮፓ ነው፣ ከአሜሪካ የምትሄዱ አዳፕተር ያዙ። ቲፕ አይጠበቅም። ኢያ ኦራና ሰላምታ ነው፣ ማውሩሩ አመሰግናለሁ፣ ሁለቱን ብቻ ብትሉ ፊታቸው ይበራል።

እሁድ ሱቁ ይዘጋል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ውሃና ፍራፍሬ ግዙና ጠዋት ልብሳችሁን አስተካክላችሁ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ከደሴቱ ቅጠል የተሠራ ባርኔጣ አድርገው ይመጣሉ፣ መዝሙሩን ያለ መሣሪያ በብዙ ድምፅ ነው የሚያወጡት፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ከውጭም ይሰማል። እኛ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠን ቃሉ ሳይገባን አለቀስን። ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ ለባለቤቴ ቲያሬ የምትባለውን ነጭ አበባ ጆሮዋ ላይ ሰካችላት፣ ከሰዓቱን ሙሉ ውሃው ዳር ተኝተን ሽታዋ አልጠፋም።