ቲማቲም መዓዛውን ሳያጣ እንዲበስል ለማድረግ

አረንጓዴ ቲማቲም ቀጥፎ ቤት ውስጥ እንዲበስል ማድረግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያረጋግጠው የሚገባው ፍሬው ለመብሰል የደረሰ መሆኑን ነው። ኤቲሊን የተባለው ጋዝ መብሰልን የሚያፋጥን ቢሆንም፣ ዘሩ ገና ያልጎለመሰ ፍሬ ጋዙን ቢያገኝም በወጉ አይበስልም። ከምክንያቶቹ አንዱ ኢፒጄኔቲክ ነው፤ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ሳይለውጡ በላዩ ላይ ተለጥፈው የመብሰል ዘረ መሎችን ዘግተው ይይዛሉ። ፍሬው ሲጎለምስ ዲኤምኤል2 የተባለው ኤንዛይም ምልክቶቹን እያነሣ ዘረ መሎቹን ይከፍታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ሜቲል እንዳይለጠፍ የሚከለክል መድኃኒት ባልደረሱ ቲማቲሞች ውስጥ ሲወጉ፣ ፍሬዎቹ ዘራቸው ሳይጎለምስ መቅላት ጀምረዋል።

ስለዚህ ከመቅጠፍዎ በፊት አንዱን ፍሬ መሥዋዕት አድርገው በስለታም ቢላ ከመሃሉ ይቁረጡት። ዘሮቹ ሳይቆረጡ በዝልግልጉ ፈሳሽ ውስጥ ወደ ጎን ከተንሸራተቱ መሰሎቹ ደርሰዋል፤ ከተቆረጡ ግን ተክሉ ላይ ይቆዩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ታችኛው ጫፉ መቅላት ሲጀምር መቅጠፍ ነው። የተቀጠፈውን ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቦታ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ያስቀምጡት፤ ኤቲሊን የሚሰጥ የበሰለ ሙዝ አብሮት በወረቀት ከረጢት ቢገባ ይፈጥናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማቀዝቀዣው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የበሰለ ቲማቲም በ5 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ሲቀመጥ የዲኤምኤል2 መጠን ይቀንሳል፣ ሜቲሉም መዓዛን በሚያስገኙ ዘረ መሎች ላይ መልሶ ይለጠፋል። ስኳሩና አሲዱ እምብዛም አይለወጡም፣ ፍሬውም ለዓይን ያው ነው፤ የጠፋው ሽታው ነው፣ ያለ ሽታው ደግሞ ቲማቲም ቲማቲም አይሆንም። ወደ ሞቃት ክፍል ቢመለስም መዓዛው ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

በመሆኑም ያልበሰለውን ፈጽሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡ። የበሰለውም በክፍል ሙቀት ቆይቶ ቶሎ ቢበላ ይመረጣል፤ ሊበላሽ ሲል ብቻ ለጥቂት ቀናት ያቀዝቅዙትና ከመብላትዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያውጡት።

ይህን አሠራር ለሌላ ፍሬ እንዳለ ማዋል አይገባም። ብርቱካን ሲበስል የሜቲሉ መጠን እንደ ቲማቲም አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል።