ማበጠሪያ ሲያይ ከአልጋ ሥር ለሚገባ ውሻ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መላው

ቡቺ ነጭ ነው፤ የሆዱ ፀጉር መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ማልቲዝ የተባለው የውሻ ዘር ነው ተብሎ ነው የተሰጠን፤ ዘር ማንዘሩን ግን ማንም አላጣራም። በመጀመሪያው ዓመት ማበጠሪያ ያየ ዕለት ከአልጋ ሥር ይገባና እስከ ማታ አይወጣም ነበር። እኔም ጎትቼ አወጣውና በግድ ይዤ እጨርሰው ነበር። "እልኸኛ ነው" እላለሁ ደግሞ። እልኸኛዋ እኔ ነበርኩ።

ውሻ መበጠርን የሚፈራው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዱ ያመመውን ያስታውሳል፣ ሌላውን ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ የሌላው ጠላት ደግሞ የሚያንሸራትት ወለል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ምልክቱ ነው።

ማበጠሪያው ከመሳቢያ ሲወጣ ይሸሻል

ገና ሳይነካ የሚሸሽ ውሻ ያለፈውን እያስታወሰ ነው። ማበጠሪያውን ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ሳይሠሩበት ወለሉ ላይ ያኑሩት። መጥቶ ሲያሸተው ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ጉበት ይስጡት። ከዚያ የማበጠሪያውን ጀርባ ትከሻው ላይ ያሳርፉ፣ ጉበት፤ አንድ ጊዜ ያበጥሩ፣ ጉበት፤ የዚያን ቀን በዚሁ ይብቃ። ቅደም ተከተሉን አይሳቱ፦ ማበጠሪያው ይቀድማል፣ ሥጋው ይከተላል። ከተገላበጠ ውሻው ጉበት በሸተተው ቁጥር መከራ እንደሚመጣ ይማርና ጉበቱንም ይሸሻል። በእኔ ደርሷል።

ከወጥ ውስጥ ሥጋ አውጥቶ መስጠት ግን አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይባልም።

ጀርባው ሲበጠር ዝም ይላል፤ ከጆሮው ኋላ ሲደርሱ ይጮኻል

ይህ ከፍርሃት ይልቅ ሕመም ነው። ረጅም ፀጉር የሚቋጠረው በሚተሻሽበት ቦታ ነው፦ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት ውስጥ፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ በጭኖቹ መካከል። ቋጠሮው ከሥሩ ያለውን ቆዳ ሰብስቦ ስለሚይዝ ውሻው በተራመደ ቁጥር ይጎትተዋል። ክረምት ሲገባ ይብሳል፤ ዝናብ የመታው ፀጉር ሳይበጠር ሲደርቅ ቋጠሮው ይከርራል። ገላውን ማጠብም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይበጠራል፣ ከዚያ ይታጠባል።

መላውን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከእማማ ነው። ከቡቺ ጋር ስታገል ደጃፍ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "አንቺ ሹሩባ ተሠርተሽ አታውቂም እንዴ? ሥሩን ያዥለት እንጂ!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፀጉሩን ቆዳው አጠገብ በአንድ እጅ ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ጉተታው እጅዎ ላይ ይቀራል። በሌላው እጅ ከጫፉ ይጀምሩና ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ ይግቡ። ቋጠሮው ላይ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሰው በጣት ሁለት ሦስት ቦታ ቢከፍሉት ይቀላል። በመጨረሻ የብረት ማበጠሪያ ከቆዳው ተነሥቶ እስከ ጫፉ ሳይያዝ ካለፈ ተፈትቷል ማለት ነው። ብሩሽ ላዩን ብቻ አሳምሮ ያታልላል።

መቀስ አያቅርቡ። ቆዳው ተስቦ ቋጠሮው ውስጥ ስለሚገባ ፀጉር የቆረጡ መስሎዎት ቆዳ ይቆርጣሉ። እንደ ባና የተጠቀጠቀ ከሆነ ትግሉን ይተዉትና የእንስሳት ሐኪም ወይም ሥራውን የሚያውቅ ሰው በቶንዶስ ያንሣው። ፀጉር እንደሆነ ያድጋል።

ቋጠሮ ሳይኖር የሚጮኽ ከሆነ ጆሮውን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፣ ያሽቱም። የተጣበቀ መዥገር ሊሆን ይችላል። መጥፎ ሽታ ካለውና ራሱን ደጋግሞ የሚያራግፍ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያየው አይበጠርም።

ሳፋ ውስጥ ይንቀጠቀጣል

ብዙ ጊዜ ውሃውን ሳይሆን መንሸራተቱን ነው የሚፈራው። ከሳፋው ሥር ሳይሆን ከውስጡ፣ እግሩ በሚያርፍበት ላይ ፎጣ ያንጥፉ። ለብ ያለ ውሃ ከትከሻው ወደ ኋላ ያፍስሱ፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የሰው ሻምፑ ለውሻ ቆዳ አይስማማም። የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ የሚያስደነግጠው ከሆነ እሱ ምግቡን ሲበላ ሌላ ክፍል ውስጥ እያበሩ ያለማምዱት፤ እስከዚያው በፎጣ ያድርቁት።

እግሩን ይነጥቃል

ምናልባት አንድ ቀን ጥፍሩ ሲቆረጥ ደምቶ ይሆናል። ጥፍር ውስጥ የደም ሥር አለ፤ በጥቁር ጥፍር ላይ አይታይም። ጫፏን ብቻ፣ በቀን አንድ ጥፍር ይቁረጡ። ከደማ የበቆሎ ስታርቹን ጥፍሩ ላይ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ጫን ይበሉበት።

ዝም ብሎ ይደርቃል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ተመስገን፣ ለመደ" ይባላል። ልብ ብለው ይዩት፦ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል፣ ጅራቱ ከእግሮቹ መካከል ገብቷል። ይህ ውሻ አልለመደም፤ መውጫ አጥቶ ነው። የያዙትን ለቀቅ ያድርጉና ያቁሙ። ካጉረመረመ አይቆጡት። በቁጣ ማጉረምረሙን ያስተዉት ውሻ በሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለና የቤት ውሻ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ቡቺ ዛሬም የኋላ ግራ እግሩን መስጠት አይወድም። አንድ ቀን ጆሮዎቹ፣ በማግስቱ ብብቱና ሆዱ፣ ቀጥሎ ያቺ እግር ብቻዋን፤ ከሦስት ደቂቃ አናልፍም። የእግሯ ተራ ሲደርስ ጉበቱ ትንሽ ተለቅ ይላል።